ብርሃኑ ከባሕር ማዶ፣ ልብሱ ከጣና ዳር

የባሕር ዳር ነጋዴ ስለ ወረቀት ፋኖስ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በንግድ ሥራ እውነት ሆኖ ከሚገኝባቸው ነገሮች አንዱ የጣና ሐይቅ ደንገል ነው። በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በሌሎችም የአውሮፓ ቋንቋዎች ወረቀት የሚጠራበት ቃል የተገኘው ፓፒሩስ ከሚባለው ተክል ስም ነው። ፓፒሩስ ማለት ደግሞ የባሕር ዳር ሰው በሐይቁ ዳር ቆሞ የሚያየው፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ ከተማ ልጁን የሚድር ሰው ለድንኳኑና ለግቢው ጌጥ የወረቀት ፋኖስ ሲፈልግ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከቻይና በመርከብ ተጭኖ፣ በጂቡቲ ወደብ አልፎ፣ በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ የመጣውን ነው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ነው። የአንድ የወረቀት ፋኖስ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ነገር ግን ማንኛውም ባለ ሱቅ እንደሚያውቀው፣ ቶሎ ቶሎ የሚሸጥ ትንሽ ዕቃ ዓመት ሙሉ በመደርደሪያ ከሚቀመጥ ትልቅ ዕቃ የተሻለ ትርፍ ያስገኛል። ከዚህም በቀር በዚህ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ብርሃን የሚሰጠው አምፑል ነው፤ ሁለተኛው ብርሃኑን የሚያለብሰው ወረቀትና ክፈፍ ነው። አምፑሉ በአብዛኛው ከውጭ አገር የሚመጣ ስለ ሆነ ለእርሱ የውጭ ምንዛሪ ማውጣት ግድ ይሆናል። ልብሱን ግን ማስመጣት ግድ አይደለም። እንግዲህ ለነጋዴው የሚቀርበው ጥያቄ፣ በአንድ ፋኖስ ዋጋ ውስጥ ምን ያህሉ ወደ ባሕር ማዶ ይሂድ፣ ምን ያህሉስ ለሐይቁ ዳር ሰው የእጅ ዋጋ ይሁን የሚለው ነው።

የምሽት ብርሃንና ገበያው

ባሕር ዳር ለምሽት ግብዣ የተስማማች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ ቀኑ ቢሞቅም ፀሐይ ስትጠልቅ አየሩ ይለዝባል፤ ሰውም ከቤት መውጣት ይወዳል። ቀድሞ ለእንዲህ ያለው ምሽት የሚያገለግለው ብርሃን በቤተ ክርስቲያን ጧፍ፣ በቤት ኩራዝና ፋኖስ፣ ድግስ ሲሆን ደግሞ ማሾ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የጢስ ዓባይ የውሃ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር፣ ከሐይቁ ከሚወጣው ከዓባይ ወንዝ የኤሌክትሪክ ብርሃን ተገኘ። ዛሬ በአትክልት ቦታ ለሚደረግ ግብዣ የሚፈለገው ኃይለኛ ብርሃን ሳይሆን ለዓይን የለዘበ ብርሃን ነው። ራቁቱን የተንጠለጠለ አምፑል ዓይን ይወጋል፤ የእንግዶቹንም ፊት በጥላ ይሸፍናል። በወረቀት የተከለለ ብርሃን ግን ለስላሳ ሆኖ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሠራጫል።

የዚህ ዕቃ ገበያ በወቅት የሚመራ ነው። በክረምት ወራት ከቤት ውጭ ማምሸት ስለማይቻል ወረቀት ፈላጊ የለውም። ከጥቅምት ወዲህ ሰማዩ ይጠራል፤ ከዚያም ገና፣ ከተራና ጥምቀት፣ የጥርም ሠርግ ይከታተላሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቋረጥና ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጀመራል። በዚህ ምክንያት የፋኖስ ሻጭ በዓመት ውስጥ ሁለት ዋና ዋና የገበያ ጊዜያት አሉት ማለት ነው።

በሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎችና መዝናኛ ስፍራዎችም ደንበኞች ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም የውጭ አገር ጎብኚ ቁጥር በወረርሽኙ ዘመን፣ ከዚያም ወዲህ በጸጥታው ችግር ምክንያት የቀነሰ ስለ ሆነ፣ ሒሳቡን በጎብኚ ላይ ብቻ የሚሠራ ነጋዴ ይጎዳል። የአገሬው ሰው ግን በችግር ዘመንም ቢሆን ልጁን ይድራል፤ ክርስትና ያነሣል፤ ተመራቂውን ያስደስታል። የመጀመሪያው ደንበኛ እርሱ ነው።

ከጃፓንና ከግብፅ የሚገኝ ትምህርት

በጃፓን አገር ጊፉ የምትባል ከተማ ከቀርከሃ ስንጥርና ከዛፍ ልጥ በሚሠራ ስስ ወረቀት ፋኖስ በመሥራት የታወቀች ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሻማ የሚበራው ፋኖስ ገበያው እየጠበበ ሄዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ኢሳሙ ኖጉቺ የተባለው ከጃፓናዊ አባትና ከአሜሪካዊት እናት የተወለደው ቀራፂ ወደ ጊፉ መጥቶ የፋኖስ ሠሪዎቹን ሥራ ከተመለከተ በኋላ «አካሪ» የሚባሉትን መብራቶች ነደፈ። የለወጠው ነገር ሁለት ብቻ ነው። ሻማውን በኤሌክትሪክ አምፑል ተካ፤ ቅርጹንም ለዘመኑ ቤት እንዲስማማ አደረገ። ወረቀቱ፣ ቀርከሃውና የሠሪዎቹ እጅ ግን የቀድሞው ሆኖ ቀረ። ፋኖሱ ተጣጥፎ በቀጭን ሣጥን የሚገባ ስለ ሆነ ባሕር አሻግሮ ለመላክ ተመቸ። እነዚህ መብራቶች ዛሬም በጊፉ ይሠራሉ፤ በብዙ አገርም ይሸጣሉ።

ሁለተኛው ትምህርት ከዓባይ ታችኛው ዳርቻ የሚገኝ ነው። የፓፒሩስ ወረቀት በጥንት ዘመን የተሠራባት ግብፅ በዘመን ብዛት ተክሉን ከወንዟ ዳር አጥታ ነበር። በቻይና የግብፅ አምባሳደር የነበሩት ዶክተር ሐሰን ራጋብ የተክሉን ሥር ከሱዳን አስመጥተው ተከሉ፤ የጥንቱንም አሠራር በሙከራ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1968 በካይሮ የፓፒሩስ ተቋም ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ በፓፒሩስ ላይ የተሣለ ሥዕል ጎብኚ ከግብፅ ይዞ ከሚመለሳቸው ዕቃዎች አንዱ ሆነ። ነገር ግን ገበያው በደራ ጊዜ ከሙዝ ተክል የተሠራ አስመሳይ ዕቃ በፓፒሩስ ስም ይሸጥ ጀመር። በዚህ የተነሣ ገዢው ተጠራጣሪ ሆነ፤ ሐቀኛውም ሻጭ ስለ ዕቃው እውነተኛነት ማስረዳት የዘወትር ሥራው ሆነ።

ግብፅ ተክሉን ከጎረቤት አስመጥታ ይህን ያህል ከሠራች፣ ተክሉ በቅሎላት የቆመችው ጣና ምን ያህል ልትሠራ እንደምትችል መገመት አያስቸግርም። የጣና ደንገል ከአገር የወጣበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል «ራ» በተባለችው የደንገል ጀልባ አትላንቲክ ውቅያኖስን ለመሻገር ሲነሣ፣ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር። ጀልባዋን የሠሩት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ጥሬ ዕቃው ከኢትዮጵያ፣ የእጅ ዋጋው ለሌላ ሆነ ማለት ነው። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ታሪክ በሒሳብ ዓይን ሊያነበው ይገባል።

የደንገል ወረቀት አሠራር

በጣና ዳር በደንገል ሥራ ቀድሞ የሚጠራው ነገደ ወይጦ ነው። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በጥቂት ወራት ውስጥ በአዲስ መተካት አለበት፤ ስለዚህ ታንኳ ሠሪው ደንገሉ መቼ እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚደርቅና የትኛው አገዳ ለምን እንደሚሆን ጠንቅቆ ያውቃል። ይህ ዕውቀት በገንዘብ የማይገዛ መነሻ ካፒታል ነው። የእጅ ባለሙያን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ መሆኑ አይካድም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። በዛሬው ገበያ ደግሞ ባለሙያን ለማክበር አስተማማኙ መንገድ የተስማሙበትን ዋጋ ሳያጓድሉ በቀኑ መክፈል ነው።

የወረቀቱ አሠራር ረቂቅ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። በመጀመሪያ የአገዳው ወፍራም ክፍል ተመርጦ አረንጓዴው ልጣጭ ይነሣል። ውስጠኛው ነጭ ልብ በስለታም ቢላዋ በቁመቱ ስስ ስስ እየሆነ ይሰነጠቃል። ስንጥሩ ለጥቂት ቀናት በውሃ ይዘፈዘፍና በድቡልቡል እንጨት እየተዳመጠ ውሃው ይወጣል። ቀጥሎ በጨርቅ ላይ አንዱ ረድፍ በቁመት፣ ሁለተኛው ረድፍ በላዩ በአግድም ይነጠፋል፤ ሌላ ጨርቅ ከላይ ተደርጎም በከባድ ነገር ይጫናል። ጨርቁ እርጥበቱን በጠጣ ቁጥር በደረቅ ይለወጣል። ሙጫ አያስፈልገውም፤ የተክሉ ፈሳሽ ራሱ ስንጥሮቹን ያያይዛቸዋል።

ሲደርቅ ገለባ የመሰለ መልክ ያለው ጠንካራ ወረቀት ይሆናል። ከኋላው ብርሃን ሲበራ የቁመቱና የአግድሙ ስንጥር እንደ መረብ ተሠርቶ ይታያል፤ ሥዕል ባይጨመርበትም በራሱ ጌጥ ነው።

ጉድለቱም አብሮ ሊነገር ይገባል። የደንገል ወረቀት ሲያጣጥፉት ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንደ ጃፓኑ ፋኖስ እየታጠፈ የሚዘረጋ ክብ ፋኖስ ከደንገል ለመሥራት መሞከር ጥሬ ዕቃ ማባከን ነው። ለደንገል የሚስማማው አራት ጠፍጣፋ ገጾች ያሉት፣ እያንዳንዱም ገጽ በክፈፍ የተያዘ ባለ አራት ማዕዘን ፋኖስ ነው።

ደንገሉም የማያልቅ ሀብት አይደለም። የሐይቁ ዳር ወደ እርሻ እየተለወጠ በመሄዱና ደንገሉም ያለ ልክ በመቆረጡ ቀድሞ ይሸፍነው የነበረው ስፍራ ቀንሷል። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ደንገል ሥሩ ካልተነካ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ፣ ገዢው ነጋዴ ሥሩን ሳይነቅሉና ቦታ እያፈራረቁ ከሚቆርጡት ብቻ የመግዛት ልማድ ሊይዝ ይገባል። ይህን የማያደርግ ሰው የነገውን ጥሬ ዕቃውን ዛሬ ይጨርሳል።

እምቦጭ እንደ ጥሬ ዕቃ

በደንገል ላይ ያለውን ጫና የሚያቃልል ሁለተኛ ጥሬ ዕቃ አለ፤ እርሱም ማንም የማይወደው እምቦጭ ነው። እምቦጭ በጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን ክፉኛ አስቸግሯል። በባንግላዴሽ አገር ከዚህ አረም በእጅ ወረቀት የሚሠሩ ማኅበራት ተቋቁመው ነበር። ከሥራቸው የተገኘው ልምድ እምቦጭ ብቻውን ጥሩ ወረቀት እንደማይወጣው፣ ከአሮጌ ወረቀት ወይም ከጁት ጭረት ጋር ሲደባለቅ ግን መልካም እንደሚሆን ያስረዳል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ግንዱ ተከትክቶ በሶዳ ይቀቀላል፤ ታጥቦ ይወቀጣል፤ ከተዘፈዘፈ የማተሚያ ቤትና የቢሮ ውዳቂ ወረቀት ጋር ይደባለቃል፤ በወንፊት ተነሥቶ ከተጨመቀ በኋላ በፀሐይ ይደርቃል። የሚገኘው ወረቀት ሻካራና ጭረቱ የሚታይ ስለ ሆነ ለደብዳቤ ባይመረጥም ለፋኖስ ይስማማል።

ነገር ግን ሒሳቡን ሳይሠሩ መነሣት አይገባም። ከእምቦጭ ክብደት ውስጥ 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። 100 ኪሎ እርጥብ እምቦጭ ከሐይቁ ያወጣ ሰው ሲደርቅ የሚያገኘው 5 ኪሎ ያህል ብቻ ነው፤ ተቀቅሎና ታጥቦ ወረቀት ሲሆን ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ እርጥቡን በመኪና ወደ ከተማ ማመላለስ ለውሃ የጭነት ዋጋ መክፈል ነው፤ አረሙንም ወዳልደረሰበት ስፍራ የማዛመት አደጋ አለው። ተቆርጦ፣ ሥሩና አበባው ተወግዶ፣ በወጣበት ስፍራ ከደረቀ በኋላ ብቻ ሊጓጓዝ ይገባል። ደግሞም ፋኖስ ሐይቁን ከእምቦጭ ያጸዳል ብሎ ማውራት ማጋነን ነው። አረሙን እየለቀመ ለሚደክመው ገበሬ ግን ጥቂት የድካም ዋጋ ሊያስገኝለት ይችላል።

ክፈፉና ጭነቱ

ለክፈፍ የሚሆነው ቀርከሃ ሩቅ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው እንጅባራና በዙሪያዋ ያለው የአዊ ምድር በደጋ ቀርከሃው የታወቀ ነው። የደረቀ ቀርከሃ በስሱ ተሰንጥቆ በጥጥ ክር ይታሰራል፤ ወረቀቱም ከስንዴ ዱቄት በተቀቀለ ሙጫ ይለጠፍበታል።

እዚህ ላይ ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባ የጭነት ጉዳይ አለ። ጎንና ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፋኖስ ተገጣጥሞ ሲጫን 12 ሊትር የሚያህል ቦታ ይይዛል፤ 100 ፋኖስ 1.2 ሜትር ኩብ ይሆናል። አራቱ ገጾች ተለያይተው፣ የአንዱ ውፍረት 1 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ቢደራረቡ ግን 100 ፋኖስ በ0.24 ሜትር ኩብ ውስጥ ይገባል። አምስት ጊዜ የሚከፈለው የጭነት ዋጋ ወደ አንድ ጊዜ ወረደ ማለት ነው። ከዚህም በላይ አንድ ገጽ ቢቀደድ የሚለወጠው ያ ገጽ ብቻ ነው።

ስለ እሳትና ስለ መብራት ኃይል

በወረቀት ፋኖስ ውስጥ ሻማ ወይም ጧፍ ማብራት ሊቀር የሚገባው ነገር ነው። በሐይቁ ዳር ነፋስ ሳይታሰብ ይነሣል፤ ድንኳኑ ጨርቅ ነው፤ በበጋ ወራትም ሣሩና ደንገሉ ደረቅ ነው። በተለይ እሳት ይዞ ወደ ሰማይ የሚለቀቀው የወረቀት ፋኖስ በማንኛውም ሱቅ ሊሸጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጨረሻ ሌሊት በጀርመን አገር በክሬፌልድ ከተማ ለአዲስ ዓመት የተለቀቀ እንዲህ ያለ ፋኖስ በአራዊት መጠበቂያው ላይ ወድቆ ዝንጀሮና ጦጣ መሰል እንስሳት ይኖሩበት የነበረውን ቤት አቃጥሏል፤ ከ30 በላይ እንስሳትም አልቀዋል።

መፍትሔው ኤል ኢ ዲ የሚባለው አምፑል ነው። የቀድሞው ባለ 60 ዋት አምፑል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን የሚያወጣው በሙቀት ስለ ሆነ ወረቀትን ያደርቃል፤ ቢነካውም ሊያቃጥለው ይችላል። የኤል ኢ ዲው ሙቀት ግን እጅግ ያነሰ ነው። በሒሳብ ሲታይ 40 ፋኖሶች በባለ 60 ዋት አምፑል ቢበሩ 2,400 ዋት ይፈልጋሉ፤ በባለ 3 ዋት ኤል ኢ ዲ ቢበሩ 120 ዋት ብቻ ይበቃቸዋል። ይህም በመሆኑ አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ ኃይሉን ብቻ ቢሰጥ 40ውን ፋኖስ 5 ሰዓት ያህል ያበራል። መብራት በጠፋ ጊዜ ሙሽሮቹ በጨለማ አይቀመጡም። በዚህ ዓይነት ለሚሠራ ፋኖስ አስመጪው ማምጣት የሚገባው ለባትሪው ቮልት የሚስማማውን አምፑልና መያዣውን ነው።

የነጋዴው ድርሻ

የእጅ ሥራ በምስጋና ብቻ አያድግም፤ የሚያድገው በትእዛዝ ነው። ስለዚህ ከነጋዴው የሚጠበቀው የመጀመሪያ ነገር ቁርጥ ያለ መጠን የያዘ ናሙና አሠርቶ፣ ቀብድ ከፍሎ፣ የሚረከብበትን ቀን በጽሑፍ መስማማት ነው። ለጥር ሠርግ የሚሆን ፋኖስ ወረቀቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ መድረቅ ስላለበት ትእዛዙ በጥቅምት ሊሰጥ ይገባል። ክፈፉ ሁሉ እኩል እንዲወጣ ለማድረግ የመለኪያ ቅርጽ ያስፈልጋል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመውና ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም በሚገኝበት ከተማ ይህን የሚያበጅ ባለሙያ ይጠፋል ተብሎ አይታሰብም።

ሁለተኛው፣ ድንኳንና ወንበር የሚያከራዩት ነጋዴዎች ፋኖሱን በኪራይ ቢያቀርቡት ለደጋሹ ይቀልለዋል። ገጹ ሊለወጥ የሚችል ፋኖስ ደጋግሞ ይከራያል። ክረምት ሲገባ ግን ከእርጥበትና ከአይጥ ርቆ በደረቅ ስፍራ መቀመጥ አለበት፤ የዱቄቱ ሙጫ ለአይጥ ምግብ ነውና።

ሦስተኛው ሐቀኝነት ነው። ከደንገል የተሠራው ደንገል፣ ከእምቦጭና ከአሮጌ ወረቀት የተደባለቀው ድብልቅ መሆኑ ተጽፎበት ይሸጥ፤ ዋጋውም እንደየዓይነቱ ይለያይ። የካይሮ ገበያ የደረሰበት ጉዳት በባሕር ዳር መደገም የለበትም።

ወደ ውጭ አገር ለመላክ የሚያስብ ነጋዴ ደግሞ በመጀመሪያ በአገር ውስጥ አንድ ወይም ሁለት የሠርግ ወቅት ሸጦ የዕቃውን ጥንካሬ ይመርምር። ከዚያም የተቀባዩን አገር የዕፅዋት ቁጥጥር ደንብ ጠይቆ፣ ያለ አምፑልና ያለ ሽቦ ልብሱን ብቻ ቢልክ ይሻለዋል፤ ምክንያቱም በኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ እያንዳንዱ አገር የራሱ ደንብ ስላለው ነው። ገዢው የአገሩን አምፑል ራሱ ይገጥምበታል።

እንግዲህ ለአንድ ሠርግ 40 ፋኖስ የሚያዝ ሰው ቢገኝ፣ 160 የወረቀት ገጾች አዘዘ ማለት ነው። ከዚያ ገንዘብ የአምፑሉ ዋጋ ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል፤ የቀረው ደንገል ለሚቆርጠው፣ ወረቀት ለምታነጥፈው፣ ቀርከሃ ለሚሰነጥቀውና ለባለ ሱቁ ይከፋፈላል። ለሚመጣው የጥር ሠርግ የሚያስቡ ነጋዴዎች የመጀመሪያውን ናሙና ክረምቱ እንደ ወጣ ቢያሠሩ ጊዜው ይበቃቸዋል።